«ጥሩ ነው፣ ተባረኩ» ማለት ብቻ አይበቃም



በኩርሙክ ሰኞ ማታ ከጸሎት በኋላ የምንቀር አምስት ሰዎች ነን። ከመካከላችን አንዱ መምህር ነው፤ አንዷ በጤና ጣቢያ ታገለግላለች፤ አንዱ ወንጌላዊ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የመዘምራን ወጣቶች ናቸው። ስልካችንን እናወጣና ገና ያላለቀ ሶፍትዌር እንሞክራለን። ይህን ስንናገር ብዙ ወገኖች ይስቃሉ። «ያለቀውን መቼ ተጠቅማችሁ ጨረሳችሁና?» ያለን ወንድምም አለ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም መልስ ይገባዋልና ዛሬ ልንጽፍበት ወደድን።

ጉዳዩን ለማያውቁ አስቀድመን እናስረዳ። ኦፕን ሶርስ የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ኮዳቸው፣ ማለትም የተሠሩበት የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመው፣ ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል። አብዛኞቹ የሚገኙት በነፃ ነው። አዲሱ ሥራ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የሙከራ ስሪት ይወጣል፤ መጀመሪያ አልፋ፣ ቀጥሎ ቤታ ይሉታል። ሠሪዎቹም ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ጭኖ እንዲሞክረውና የተበላሸውን እንዲነግራቸው ይጠይቃሉ። ሊኑክስ የጀመረው እንዲህ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 በፊንላንድ ተማሪ ሳለ ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ ሐሳባቸውን እንዲሰጡት ለምኖ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ መሠረቱ ያው ሊኑክስ ነው።

እኛን ወደዚህ ሥራ ያመጣን ግን አንድ ባዶ ሳጥን ነው።

ከካማሺ በኩል የመጣ የጉሙዝ ወንድም ከእኛ ጋር ያመልካል። ቃሉን በቋንቋው፣ በግዕዝ ፊደል፣ ከስልኩ ላይ ያነባል። አንድ ምሽት ጮክ ብሎ ሲያነብ አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ስክሪኑን አየና «ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?» አለው። በየመስመሩ መካከል ባዶ ሳጥኖች ተሰክተዋል። ወንድማችን ግን ሳይደናቀፍ ነበር የሚያነበው፤ በሳጥኑ ቦታ የትኛው ፊደል ሊሆን እንደሚችል እየገመተ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስንጠይቀው ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረን። ለምን ለማንም አልተናገረም? መልሱ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። እነዚያ ፊደላት የጉሙዝ ብቻ ስለሆኑ ስልክ ውስጥ የማይገቡ መስሎት ነበር።

ይህ እውነት አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ያስታውሱታል፤ በአንዱ ፎንት የተጻፈ የጉባኤ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ይሆን ነበር። የአማርኛ ችግር ሲቃለል ግን ጉሙዝኛ ብቻውን የሚፈልጋቸው ፊደላት ገና አልተካተቱም። እነርሱ የገቡት ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በስሪት 6.0 ነው። ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮና ለባስኬቶ ከሚያስፈልጉት ጋር አብረው ሲገቡ በጠቅላላው 32 ነበሩ፤ ከእነርሱ 14ቱ የጉሙዝ ናቸው። እንደ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ያሉ ነፃ ፎንቶችም ይዘዋቸዋል። እንግዲህ ለወንድማችን ፊደል ቦታ ተሰጥቶታል። ያነብበት የነበረው መተግበሪያ የራሱን ፎንት ይዞ ስለማይመጣ በስልኩ ፎንት ይደገፍ ነበር፤ አሮጌው ስልክ ደግሞ እነዚያን ፊደላት አያውቃቸውም። ችግሩ ይኸው ነበር። ሠሪዎቹ ቢሰሙ የሚያስተካክሉት ነገር ነው። የነገራቸው ግን የለም።

ለምን አልነገርናቸውም? «አልነገርናቸውም» የምንለው በወንድማችን ብቻ ልናሳብብ ስለማንችል ነው። እኛም በየስልካችን የሚያስቸግረን ነገር ነበረ። ፍለጋው አማርኛ ላይ ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን ለይቶ ስለሚያይ የምናውቀውን ጥቅስ «የለም» ይለናል። የእህታችን ስልክ ከሱዳን በኩል የመጣ ነው፤ ቋንቋው ዐረብኛ ስለሆነ መተግበሪያው ሲከፈት ሁሉ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ ይዞርና የቁጥሮቹ ቦታ ይዘበራረቃል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስልክ ብርቅ አይደለም። ድንበሩን ስትሻገሩ ያለችው ከተማ ስሟም ኩርሙክ ነው፤ ሰውም ዕቃም ሲመላለስ የኖረበት መንገድ ነው። በሌላ አህጉር ተቀምጦ የሚሠራ ፕሮግራመር ግን በአማርኛ የሚያነብ፣ ስልኩ በዐረብኛ የሆነ፣ ኔትወርኩ ቀኑን ሙሉ የሚጠፋበት ሰው እንዳለ በምን ያውቃል? የሚሞክርበት ስልክ አዲስ ነው፤ መብራቱም አይጠፋም። እኛን አላሰበንም ብለን ከመቀየማችን በፊት እንዳለን ነግረነው እንደሆነ እንጠይቅ።

እርስ በርሳችን ግን አጉረምርመናል። በደንብ አድርገን። ከአምልኮ በኋላ ቆመን «ይሄ ነገር አስቸገረኝ» ስንባባል ወራት አልፈዋል። አንድ ጊዜ ሠሪዎቹ በመተግበሪያው በኩል «እንዴት አገኛችሁት?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን ሦስታችን መለስን። ሦስታችንም የጻፍነው «በጣም ጥሩ ነው፣ ጌታ ይባርካችሁ» የሚል ነበር።

ወገኖች፣ ይህ ይሉኝታ ነው። እኛ ትሕትና ወይም ፍቅር እንለዋለን። በነፃ የሰጠንን ሰው ጉድለቱን መንገር ምስጋና ቢስነት ይመስለናል። የተሰጠን ነገር ሲጎድል ዝም ማለት በብዙ ቤት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የወዳጅን ማቁሰል ከጠላት መሳም ይልቅ የታመነ አድርጎ ያየዋል (ምሳሌ 27፥6)። ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች ትንቢትን እንዳይንቁ ካሳሰበ በኋላ ወዲያው እንዲመረምሩ ያዛል (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)። ሳይመረምሩ መጣልም ሳይመረምሩ መቀበልም አልተፈቀደላቸውም። በአማርኛችን «ፈተና» የሚለው ቃል ከባድ ሆኖብናል፤ ፈታኙ ዲያብሎስ ነው፣ የትምህርት ቤት ፈተና ያስፈራል፣ የሕይወት ፈተና ያደክማል። እኛ የምንኖርበት ምድር ግን ሌላውን ትርጉም በየቀኑ ያሳየናል። እዚህ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ይታጠባል። እናቶች ከወንዝ ዳር አፈሩን በገበቴ እያጠቡ ያወጡትን ትንሽ ወርቅ ገዢው ሳይመረምር ብር አይቆጥርም። እናቲቱም በዚህ አትቀየምም። የሚመረመረው ዋጋ ስላለው ነው።

እንግዲህ አምስታችን ተስማምተን የሙከራ ስሪቱን ጫንን። መጀመሪያ የላክነው መልእክት አሁን ስናየው ያሳፍረናል። «መተግበሪያው አይሠራም፤ እባካችሁ አስተካክሉልን» ብለን ነበር። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ግን ጥያቄ ብቻ ነበር። የትኛው ስልክ? ስንተኛው ስሪት? ምን ስትነኩ? ምን ይሆናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ምን ሆነ? አንዱ ወጣት «ፖሊስ ጣቢያ የገባን መሰለኝ» አለ።

ወንጌላዊው ግን ወደ ዮሐንስ 9 መራን። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ፈሪሳውያን ደጋግመው ሲጠይቁት የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገረ፤ ጭቃ ተደረገለት፣ ታጠበ፣ አየ። ያላወቀውን ሲጠይቁት አላውቅም አለ። አላጋነነም፤ ከሚያውቀውም አልቀነሰም። ምስክርነት የሚባለው ይህ ነው። ስለ ኃጢአተኛነቱ የቀረበውን ክስ እንኳ ለማያውቀው ነገር ፍርድ ሳይሰጥ አለፈው። እኛ በምስክርነት ሰዓት ማጋነን የለመድን ሰዎች ስለሆንን ይህ ቀላል ትምህርት አልሆነልንም። «ሁልጊዜ ይዘጋል» ብለን ከመጻፋችን በፊት አሥር ጊዜ ከፍተን ስንት ጊዜ እንደተዘጋ መቁጠር ጀመርን። ሦስት ጊዜ ነበር። ሁልጊዜ አልነበረም። ይህን ልማድ አንዳንዶቻችን ወደ ሌላ ነገርም ወስደነዋል፤ በቤታችን «አንተ ሁልጊዜ...» ብለን ስንጀምር እንቆማለን።

የስክሪኑን ፎቶ አንስተን፣ የስልኩን ሞዴል ጽፈን፣ ያደረግነውን በየተራው ዘርዝረን ላክን። የጉሙዙ ወንድማችን ደግሞ በእያንዳንዱ ሳጥን ቦታ ሊኖር የሚገባውን ፊደል በእጁ ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶውን አያያዝን። ያን ወረቀት ሊሞላ የሚችል ሰው በዚያ መተግበሪያ ሠሪዎች መካከል አንድም አልነበረም። የትምህርት ደረጃቸው ምንም ቢሆን ከእነርሱ የማይገኝ እውቀት በእርሱ እጅ ነበር።

ሁሉ ነገር መልካም ሆነ ለማለት ግን አንጽፍም። አንደኛው የመዘምራን ወጣት የሙከራ ስሪት የጫነው የመዘምራኑ ግጥም በተቀመጠበት ስልክ ላይ ነበር። አንድ ማታ ሁሉም ጠፋ። የሦስት ዓመት መዝሙር ነው፤ አንዳንዱ ከአንዲት ቀድማን ወደ ጌታ ከሄደች እህት የተቀበልነው ነበር። ሠሪዎቹ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል፤ ጽሑፉን ያላነበብነው እኛ ነን። የሙከራ ስሪት የሚባለው ሊበላሽ ስለሚችል ነውና ያላችሁን ብቸኛ ቅጂ አትስጡት። ሌላ ስልክ ከሌላችሁ ያላችሁን ሁሉ በሚሞሪ ካርድ ገልብጡ፤ ያም ካልተቻለ ተዉት። ከመዝሙሮቹ ገሚሱን ከሰው አፍ እያስታወስን መልሰን ጽፈናል። የቀረው ቀርቷል።

ሁለተኛ ጥንቃቄ አለን፤ ይህኛው ከመዝሙሩም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ውጊያ ሲነሳ፣ ደግሞም በኤፕሪል 2023 ዳግም ጦርነት ሲጀመር ብዙ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ተሻግረዋል። ከመካከላችን ለእነዚህ ወገኖች የሚያገለግሉ አሉ። መዝገብ የሚይዝ የሙከራ ሶፍትዌር ሲያጋጥማችሁ «እንሞክረው» ብላችሁ የእውነተኛ ሰው ስም፣ የእውነተኛ ልጅ ፎቶ እንዳታስገቡበት። ሲበላሽ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለሙከራ አብርሃም ልጅ ይስሐቅ ብላችሁ ጻፉ፤ እነርሱ አይጎዱም። የተሰደደ ሰው ስሙ ብዙ ጊዜ የቀረው ብቸኛ ንብረቱ ነው።

አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ የሚያደርጉንን አይተው «ልጆቼ፣ የፈረንጅ ሥራ በነፃ እየሠራችሁ የጌታን ሰዓት አታባክኑ» አሉን። እናከብራቸዋለንና ነገሩን በቀላሉ አላለፍነውም። በከፊል ትክክል ናቸው። ትርፍ የሚሰበስቡ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን ያለ ደመወዝ ፈታሽ ሲያደርጉ እናያለን፤ እዚያ ላይ ሰዓታችንን መቆጠብ ይገባናል። ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ግን እርማታችን ለአንድ ባለቤት ገቢ አይሆንም። ለጉሙዝ ፊደል የተደረገው ማስተካከያ በዚያው ፎንት ለሚጠቀም ሁሉ ይደርሳል፤ ነገ የአሶሳ ልጅ ኮዱን ወስዶ በቋንቋው ሌላ ነገር ቢሠራበት ማንም አይከለክለውም።

ደግሞስ በነፃ የተቀበልነው ከማን ነው? ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1993 ለላኦ ቋንቋ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ነፃና ክፍት ነው፤ የሙከራ ስሪቶቹንም ለፈቃደኞች ያወጣል። ለእርሱ የአማርኛ ኪቦርድ ያዘጋጀው የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ነው። የዚሁ ፋውንዴሽን ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ አብዛኞቻችን ኮምፒውተር ባላየንበት ጊዜ፣ ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር። አማርኛ ስንጽፍ ማንም ሳያየው በደከመ ሰው ድካም ነው የምንገባው። ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «እንግዲያስ የእኔንም ስልክ እዩት» አሉ። የእርሳቸው ስልክ ቁልፍ ብቻ ያለው ትንሹ ስልክ ነው፤ ልንረዳቸው አልቻልንም።

ስህተትን መስማት ለሠሪውም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የዶናልድ ክኑትን ነገር እናንሳ። ክኑት የታወቀ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅና የሉተራን ምዕመን ነው። ከየመጽሐፍ ቅዱሱ ክፍል ምዕራፍ 3 ቁጥር 16ን ብቻ እየወሰደ ያጠናበት መጽሐፍም አለው። ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓለም በነፃ ሰጠ። ከዚያም በሥራው ስህተት ላገኘ ሰው 2.56 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ የሠራቸውንም ስህተቶች መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ አሳተመ። ቼኩ የደረሳቸው ብዙዎች ገንዘቡን ከማውጣት ይልቅ በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ይህን ያነሳነው ገንዘቡን ፈልገን አይደለም። ስህተቱን በአደባባይ መዝግቦ የሚያሳትም አገልጋይ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛስ «ስብከትህ ላይ ይህ ጥቅስ ተሳስቷል» ስንባል ፊታችን ምን ይመስላል? ወንጌላዊው ይህን አንቀጽ እንድናወጣው ጠይቆ ነበር፤ ከዚያ ራሱ «ይቅር፣ ይግባ» አለ።

ግን ደግሞ ነገሩን ከመጠን በላይ መንፈሳዊ እንዳናደርገው እንፈራለን። ሶፍትዌር ሶፍትዌር ነው። ብዙዎቹ ሠሪዎች እምነታችንን አይጋሩም፤ ያም ሆኖ ሥራቸው መልካም ነው፤ ክፉ ሲሆንም ክፉ ነው። ቤታ መሞከር ወንጌልን መስበክን አይተካም። ሰኞን የመረጥነውም ረቡዕና ዓርብ የሌላ አገልግሎት ቀን ስለሆነ ነው።

በከተማና በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ልመና አለን። ከእኛ መካከል እንግሊዝኛ በደንብ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ለስብሰባ አሶሳ ሲሄድ ሥራው ይቆማል። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት ቶሎ አይመለስም። በየገጠሩ የተበላሸውን የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ በሠሪዎቹ ቋንቋ የሚነግሩላቸው ግን ጥቂት። የአንድን እናት የአማርኛ የድምፅ መልእክት ሰምታችሁ በአምስት መስመር እንግሊዝኛ ብትጽፉላት ለእናንተ የሻይ ሰዓት ነው። ስትተረጉሙ ግን አታሳምሩት። ያለችውን ጻፉ።

ስለ ሳጥኑ ነገር ሳንነግራችሁ አንሰናበትም። ከአራት ወር በኋላ በመጣው የሙከራ ስሪት ውስጥ ፎንቱ ተካትቶ ነበር። በዚያ ሰኞ ወንድማችን ስልኩን ከፈተ፤ ሳጥኖቹ የሉም። እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን መስመር ደግሞ አነበበ። ለሁለት ዓመት በግምት ሲያነበው የኖረው ቃል ሌላ ቃል ነበር። «ተሳስቼ ነበር» አለ እየሳቀ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመረ።

የእህታችን ስልክ አሁንም ቁጥሮቹን ያዘበራርቃል። ሦስተኛውን መልእክት ባለፈው ሰኞ ልከናል።

ጸጋ ይብዛላችሁ።